ያቋረጥኩት ምርቃት

የካቲት 24 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ሴቻ

ዛሬ ከቁም ሳጥኑ እጀታ ጋር ስተዋወቅ እማዬ ያዘችኝ። "ሊሻን ዘሚካኤል እባላለሁ፤ ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል" እያልኩ እጀታውን ጠበቅ አድርጌ ስጨብጥ፣ ለካ የታጠበ አንሶላ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። "ልጄ፣ ደህና ነሽ?" አለችኝ። ሶፍት ስኪል ነው አልኳት። "እሱ ደግሞ የምን በሽታ ነው?" ብላ አንሶላውን አልጋዬ ላይ ጥላው ሄደች።

በሽታስ በሽታ ነው፤ ክፍሉን በሙሉ ይዞታል። ዘንድሮ የምንመረቀው ሥራ ፍለጋ ስንወጣ እንዳናፍር ተብሎ ኮሌጁ ስልጠና ከፍቶልናል። አጨባበጥ፣ አነጋገር፣ የቡድን ሥራ፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ ስብሰባ መምራት። አሰልጣኙ መምህር ወንደሰን ነው። ሸሚዙ ላይ አንዲት ክር አይታይበትም። "ቀና በሉ! ዓይን ለዓይን!" እያለ በወንበሮቹ መካከል ይመላለሳል።

ከዚያ በኋላ በቡድን ሆነን አንድ የገበሬዎች ማኅበር ጋ ሄደን ስብሰባ እንመራለን። የእኛ ዕጣ የላንቴ ሙዝ አምራቾች ናቸው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ከየቡድኑ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ለፍራፍሬ ዩኒየኑ ቅጥር በኮሌጁ ይታጫል። የታጨ ቃለ መጠይቅ ይቀርባል፤ ያልታጨ እንደ አምና ተመራቂዎች ሲቀላ አደባባይ ላይ ማስታወቂያ ሲያነብ ይውላል።

ቡድናችን ሦስት ነን። እኔ፣ የሰፈሬ ልጅ ቲጂ፣ እና ኤርጫፎ። ኤርጫፎ የላንቴ ልጅ ነው፤ አጎቱ አቶ ዳልጮ የማኅበሩ ሽማግሌ ናቸው አሉ። መሪ ማን ይሁን ሲባል ቲጂ "ሊሻን! የሷ አፍ እኮ ማር ነው" አለች። ኤርጫፎም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ለይስሙላ "ኧረ ሌላ ሰው ይሁን" አልኩ። ሌላ ሰው ሆኖ ቢሆን ግን አልጋ ላይ ነበር የምወድቀው።

የካቲት 30

ራስን የማስተዋወቅ ልምምድ ነበር። ኤርጫፎ ተነስቶ በአባቱ ስም ጀመረ፣ ቀጥሎ አገሩን፣ ቀጥሎ ያሳደጉትን አጎቱን አመሰገነ፣ ስለ ራሱ ሳይናገር የተሰጠው ጊዜ አለቀ። ደግሞ መምህሩን አያይም፤ መሬት መሬት ነው የሚያየው። "ዓይን! ዓይን!" ይላል መምህር ወንደሰን። "ስለ ራስህ ንገረን እንጂ ወንድሜ፣ አጎትህን ማን ይቀጥራቸዋል?" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ከክፍል ወጥተን ሻይ ስንጠጣ ቲጂ አማርኛውን አስመሰለችው፣ እሱ ሲደነግጥ ሴቱን ወንድ ወንዱን ሴት እንደሚያደርገው አድርጋ፣ ሻዩ በአፍንጫዬ ወጣ። እሱ እዚያ አልነበረም። አልነበረም መሰለኝ።

እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አድጌ በእነ ኤርጫፎ ቋንቋ ከሰላምታ በቀር የማውቀው የለም። አባዬ ከጎጃም ለመምህርነት ከመጣ ይሄው ጡረታ ወጣ፤ እሱም ያው ነው። በአማርኛችን የሳቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

መጋቢት 8

ኤርጫፎ ላንቴ ውሎ መጣ። ገበሬው ምን እንደሚያማርረው ሁሉ ጽፎ አምጥቷል፦ ደላላው ዋጋ እንዴት እንደሚሰብር፣ ሙዙ ተቆርጦ አይሱዙ ሲጠበቅ እንዴት እንደሚጠቁር፣ ማን ከማን ጋር በውሃ ተራ እንደተቀያየመ። እኔ ቋንቋውን አሳምሬ አቀረብኩት። መምህር ወንደሰን "ሊሻን፣ ግሩም ጥናት ነው!" አለኝ። ከኤርጫፎ ጋር ነው የሠራሁት ልል ነበር፤ ጥያቄ ተከታተለብኝና ሳልለው ቀረሁ።

ስንወጣ ኤርጫፎ ደረሰብኝ። "ሊሻን፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ስብሰባው በምርቃት ነው የሚከፈተው። አንዱ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ሲጨርስ ለሌላው ይሰጣል። ረዘም ይላል። እስኪያልቅ ዝም ነው።" አመሰገንኩት። ፕሮግራሙ ላይም አስገባሁት፦ ምርቃት፣ አምስት ደቂቃ።

መጋቢት 14

ተበላሸ። አሁን መጻፍ አልችልም።

መጋቢት 14፣ ማታ

እሺ። ከመጀመሪያው።

ማኅበርተኞቹ ከእርሻው ዳር ትልቁ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ጠበቁን። አሮጌዎቹ ከፊት፣ ጎልማሶቹ ከኋላ፣ ሴቶቹ ራቅ ብለው በቅጠል የተሸፈነ ምግብ ይዘው። አቶ ዳልጮ ቆሙ። ረጅም ሰው ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ፤ ለዝናቡ፣ ለመሬቱ፣ ለከብቱ፣ ኤርጫፎ በጆሮዬ እንደነገረኝ ለእኛም፣ ከሴቻ ለመጣነው ልጆች። በየሐረጉ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ይቀበላል። ቆንጆ ነበር፤ መዋሸት አልችልም፣ ቆንጆ ነበር። ጨረሱና ለሁለተኛው ሰጡ። ሁለተኛውም ለሦስተኛው።

እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነው። መምህር ወንደሰን ነጥብ ሊሰጠን በሞተር ሊመጣ ነበር፤ የሞተሩም ድምፅ ከአስፋልቱ በኩል ተሰማኝ። ሲደርስ ዋናው ጉዳይ ላይ፣ ቆሜ ስመራ እንዲያገኘኝ ፈለግሁ። እና ተነሳሁ። ሦስተኛው ሽማግሌ እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። ኤርጫፎ የነጠላዬን ጫፍ ያዘ፤ "ሊሻን፣ ተቀመጪ። አልጨረሱም" አለኝ። "ሰዓት የለንም" አልኩት። ነጠላዬን ነጠቅሁትና ባማረ አማርኛዬ፣ በፈገግታ፣ ዓይን ለዓይን፣ "አባቶች፣ ስለ ምርቃታችሁ በጣም እናመሰግናለን፤ ከሰዓት አንፃር አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ብንገባስ?" አልኩ።

የሽማግሌው እጅ ትንሽ እንደተዘረጋ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ሰበሰቡት። የተቆጣኝ ሰው የለም። ምነው በተቆጡኝ። ስለ ደላላው ጠየቅኳቸው፣ "ጥሩ ነው" አሉ። ስለ አይሱዙው፣ "ጥሩ ነው"። ስለ ውሃው፣ "ጥሩ ነው"። መምህር ወንደሰን ሲደርስ የሚስማማ ሕዝብ አገኘ፤ ደስ አለው መሰለኝ። ከዚያ አቶ ዳልጮ ተነስተው ሄዱ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ሴቶቹ ምግቡን ሳይገልጡ ወደየቤታቸው መለሱት።

ኤርጫፎ በመልሱ መንገድ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ብቻውን ተቀመጠ። ቲጂ "ምን ሆነው ነው?" ትለኛለች። "እኔ ምን አውቄ!" አልኳት።

አውቃለሁ እንጂ። ነግሮኝ ነበር እኮ።

መጋቢት 18

ማኅበሩ ለኮሌጁ መልእክት ላከ። ከእንግዲህ ተማሪ እንዳይመጣብን ብለዋል። መምህር ወንደሰን ቢሮ አስጠራኝ።

"ሊሻን፣ መሪዋ አንቺ ነሽ። ሽማግሌ ሲመርቅ አቋረጣችሁ አሉ። እውነት ነው?"

እውነት ነው ልል ነበር። በእግዚአብሔር ስም፣ አፌ ላይ ነበር። ከዚያ የዕጩዎቹን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አየሁት፤ የእኛ ቡድን ቦታ ባዶ ነው፣ እስክሪብቶው አጠገቡ ተጋድሟል።

"ቋንቋውን ስለማላውቅ ኤርጫፎን ነበር የምጠይቀው" አልኩ። "ጨርሰዋል አለኝና ተነሳሁ።"

እንዴት ቀለለኝ! አፌ ምንም አልተደናቀፈ። እንዲያውም "በእሱ ግን አይፈረድበትም፣ ትንሽ ይጨነቃል" ብዬ አከልኩበት። አዛኝ ቅቤ አንጓች! መምህሩ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ "ተግባቦት ላይ ችግር እንዳለበት እኔም አይቻለሁ" አለ።

ስወጣ ኤርጫፎ ከበሩ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ቀና ብሎ አላየኝም። እሱ ድሮም ሰው ቀና ብሎ አያይም።

ቆይ፣ ነጠላዬን ሲይዘኝ እኮ በደንብ አልሰማሁትም። ጫጫታ ነበር። ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ማለት አይቻልም።

መጋቢት 20

ውጤቱ ወጣ። ከእኛ ቡድን የታጨሁት እኔ ነኝ። በኤርጫፎ ስም ትይዩ፦ የቡድን ሥራና ተግባቦት፣ ደካማ። ደካማ ለተባለ ደግሞ ለዩኒየኑ ብቻ ሳይሆን ለሌላም ቦታ ኮሌጁ የድጋፍ ደብዳቤ አይጽፍለትም።

ቲጂ መምህሩን ጠይቃው ነበር። "ኤርጫፎስ ምን አለ?" ስትለው "ምንም አልተከራከረም፤ 'ላስቆማት ይገባኝ ነበር' ብቻ ብሎ ወጣ" አላት። መምህሩ ጥፋቱን አመነ ብሎ ነው የተረዳው።

ላስቆማት ይገባኝ ነበር። ይቺን ቃል ስንት ጊዜ እንደደጋገምኳት።

መጋቢት 29

ሲቀላ፣ ሚኒባስ መያዣው ጋ ከኤርጫፎ ጋር ተገናኘን። አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር። "ግቢ" አለኝ። ገባሁ። ስልጠናው ላይ ይቅርታ አጠያየቅ ተምረናል፤ ጥፋትን በግልጽ መናገር፣ ሰበብ አለማብዛት፣ መካሻ ማቅረብ። ፈተናው ላይ ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። በመስኮቱ እጄን አውለበለብኩለት።

ሚያዝያ 5

ትናንት ፋሲካ ነበር። ዶሮው አልወርድ አለኝ። አባዬ ለመጣ ለሄደው ሁሉ "ልጄ ከቡድኗ ተመርጣ ታጨች" ይላል። የጎረቤታችን የእትዬ ሻሺቱ ባል "ያው ያባቷ ልጅ ናት" ሲሉት፣ ያ ኮስታራ መምህር እንደ ሕፃን ፈገግ አለ። ኤርጫፎ ክፍል መምጣት ትቷል። ሙዝ ይጭናል አሉ።

እማዬ ስለከሳሁ የሙዝ ጭማቂ ትጨምቅልኛለች። ሙዝ! ምን ላድርግ፣ እጠጣዋለሁ።

ሚያዝያ 18፣ እሑድ

ይህን መጻፍ አለብኝ። ከማንም ጋር ላወራው አልችልም።

ከቅዳሴ መልስ ተቀምጠን ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። እማዬ ከፈተች። ሄጄ ሳይ አቶ ዳልጮ ናቸው። ሌሎችም ሁለት ሽማግሌዎች አብረዋቸው አሉ፤ አንደኛው ያኔ እጃቸውን የሰበሰቡት ናቸው። ሦስቱም እርጥብ ሳር ይዘዋል። ከኋላቸው፣ አጥሩ ጋ፣ ኤርጫፎ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

አባዬ "ግቡ እንጂ!" ለእማዬም "ወለቴ፣ ወንበር!" እያለ ወጣ። አልገቡም። ሦስቱ አሮጌ ሰዎች ግቢያችን መሃል፣ እማዬ ቡናዋን የምታሰጣበት ሲሚንቶ ላይ፣ ሳሩን ወደ ፊት ዘርግተው ተንበረከኩ። ለእኔ! ወደ እኔ ዞረው!

አባዬ እዚህ አገር ስለኖረ ሳር የያዘ ሽማግሌ ይቅርታ ሊለምን እንደሚመጣ ያውቃል። ደነገጠ። ጉልበቱን የሚያመው ሰውዬ ሮጦ፣ "ኧረ አባቶቼ፣ ኧረ በእናንተ ሞት፣ ተነሱ!" እያለ ሊያነሳቸው ሞከረ። አቶ ዳልጮ አልነሳ አሉ።

"መምህር፣ ልጃችን ልጅህን በድሏል" አሉ። "በሰው ፊት አዋርዷታል፤ ጨርሰዋል ብሎ አሳስቷታል አሉ። እሱም 'አስታርቁኝ' ብሎ ለምኖናል። ስለዚህ መጣን። እንድትምረው ነው።" ከዚያ ወደ እኔ አዩ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። "ልጄ፣ እኛ ጋ እርቅ ሲሆን ነገሩ ሁሉ ይወጣል። የተደበቀ ነገር ከቀረ ጎሜ ይሆናል፣ እርግማኑ ቤት ይጎዳል። አንቺ ጋ ያለውን ተናገሪ። እንሰማለን።"

ተናገሪ አሉኝ እኮ። እስኪበቃኝ ጊዜ ሰጡኝ። ማንም ሰዓቱን አላየም። ኤርጫፎ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። ዓይን ለዓይን። እኔ ነኝ መሬት መሬት ያየሁት።

እማዬ እያለቀሰች "ልጄ፣ ማሪው፣ እናትሽ ትሙትልሽ፣ ሽማግሌ ተንበርክኮ!" ትለኛለች። አባዬ ደግሞ ያያል፣ ይኮራል። ልጄ ትልቅ ሰው ሆና ሽማግሌ ተላከባት ብሎ ይኮራል።

"የተደበቀ ነገር የለም" አልኩ። "ይቅር ብዬዋለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ተነሱ፤ ሳሩን መሬት ላይ አስቀምጠው መረቁኝ። ያ ሦስተኛው ሽማግሌ ከሁሉም ረጅም ምርቃት መረቁኝ፤ አንድም ቃል አልቀነሱልኝም። እኔም አሜን፣ አሜን አልኩ። ኤርጫፎ እጄን ጨበጠኝ። እጁ ላላ ያለ ነው፣ ስልጠናው ላይ ነጥብ የሚቀነስበት ዓይነት።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ራት ግን በላሁ። በላሁ!

ሚያዝያ 19

እማዬ ሳሩን አልጠርግም ብላ እንደተቀመጠ ነው። "በረከት ነው" ትላለች። በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ።

ግንቦት 3

ዛሬ መምህር ወንደሰን ቢሮ ድረስ ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። "ግቢ፣ ሊሻን፣ ምን ልርዳሽ?" አለኝ። የቃለ መጠይቁን ሰዓት ልጠይቅ ነው አልኩት። ሰዓቱን አውቀዋለሁ።

ግንቦት 14

ቃለ መጠይቅ ነበር። ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ ጠያቂዋ የዩኒየኑ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ወይዘሮ በለጥሽ ናቸው፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ። አጨባበጤ ልክ፣ አቀማመጤ ልክ፣ "ሊሻን ዘሚካኤል እባላለሁ" ልክ። ከዚያ ወይዘሮ በለጥሽ "በቡድን ሥራ ላይ ያጠፋሽውን አንድ ጥፋት ንገሪን" አሉኝ።

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለኝ፤ ሁላችንም አለን። "ሥራ ስለምወድ አንዳንዴ ከልክ በላይ እለፋለሁ" የሚባል ጥፋት። አፌን ስከፍት ግን ሌላው ወጣ። ላንቴ ሄጄ ምርቃት አቋረጥኩ አልኩ። ከዚያም ጥፋቱን በጓደኛዬ ላይ ላከክሁ፣ እሱም ተጎዳ አልኩ። አሁን ያባርሩኛል፣ አሁን አለቀ፣ እፎይ ብዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ እያልኩ ነበር።

ወይዘሮ በለጥሽ መነጽራቸውን አወለቁ። "እንዲህ የሚናገር ልጅ እስካሁን አልመጣልንም" አሉ አጠገባቸው ለተቀመጡት። ሌላኛው ሰውዬ የሆነ ነገር ጻፉ፣ ፊታቸው በርቷል። ከዚያ "ከልጁ ጋርስ እንዴት ሆናችሁ?" አሉኝ።

"ታርቀናል" አልኩ። "ሽማግሌ ባለበት።"

"ጎሽ! ጎበዝ ልጅ!"

ደረጃውን ስወርድ ነው የገባኝ። ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ? እውነቱን አውጥቼ ተናገርኩና እሱንም ነጥብ አደረግሁት።

ግንቦት 25

አለፍኩ። ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ውጤቱ ላይ "ራስን መገምገም፣ እጅግ በጣም ጥሩ" ይላል። መምህር ወንደሰን ክፍል ውስጥ አስጨበጨበልኝ፤ ለሌሎቹ ምሳሌ ነሽ አለኝ። ቲጂ አቅፋኝ "አላልኩሽም፣ የኔ አፈ ማር?" አለች። አንድ ቀን እውነቱን ብትሰማስ? ብቻዬን ስሆን ጆሮዬ ይግላል።

ሰኔ 13፣ ቅዳሜ

ኤርጫፎን ኩልፎ ድልድይ አጠገብ አይሱዙ ሲጭኑ አገኘሁት። ራሴን አስገድጄ ነው የሄድኩት፤ ሰኞ ሥራ ከመግባቴ በፊት ካልነገርኩት አልነግረውም ብዬ። ሙዝ በጀርባው ተሸክሟል። ሲያየኝ አውርዶ እጁን በሱሪው ጠረገና ሰላም አለኝ። "እንኳን ደስ ያለሽ" አለኝ ደግሞ። ከልቡ ነው! የሚያናድደው እሱ ነው፣ ከልቡ መሆኑ።

"ኤርጫፎ፣ አንተ አላጠፋህም። መምህሩ ጋ ገብቼ ውሸት ነው የተናገርኩት። ጨርሰዋል አለኝ ብዬ..."

"አውቃለሁ" አለኝ። "አግዳሚው ላይ ነበርኩ፤ በሩ አልተዘጋም። ሁሉንም ሰምቻለሁ።"

ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ? ታዲያ ሽማግሌ የላከው?

"እያወቅህ ለምን ላክሃቸው?" አልኩት። ጮህኩበት መሰለኝ፤ ጫኞቹ ዞረው አዩን። "ያልበደልከኝን ይቅርታ ለምን አስለመንክ? ለምን አላጋለጥከኝም?"

እሱ መጀመሪያ ያስባል፣ ከዚያ ነው የሚናገረው።

"አንቺን በሰው ፊት ላዋርድ አልፈለግሁም" አለ። "አጎቴም አያውቅም፤ ሌሎቹም አያውቁም። እነሱ የመጡት እኔን አምነው ነው። እኔ ደግሞ ነገሩ ይወጣል ብዬ ነው። ሽማግሌ ተናገሪ ካለሽ፣ አባትሽ ካለ፣ ትናገሪያለሽ፣ ያልቃል፣ ማንም አይናደድም ብዬ ነው። ሳር በያዘ ሽማግሌ ፊት ሰው ይዋሻል ብዬ አላሰብኩም።"

ክፉ ቃል የለም። ሹፌሩ ሲጠራው "ደህና ዋይ" ብሎኝ ሙዙን መልሶ ተሸከመ። እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ ቀረሁ፤ ባጃጅ ሲያልፍ አቧራውን ሁሉ ጠጣሁት።

አሁን ቤት ነኝ። አባዬ ሳሎን ሬዲዮ ያዳምጣል። ይህን ጽፌ ስጨርስ ሄጄ እነግረዋለሁ። እማዬ ለሰኞ የምለብሰውን ሸሚዝ ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላዋለች፤ ነጭ ነው፣ አንገቱ ላይ ትንሽ ጥልፍ አለው። ዝናብ የመጣ ይመስላል። ዝንጀሮዎቹ ዛሬም የእትዬ ሻሺቱን ማንጎ አራግፈዋል፤ እሳቸው ሲጮሁባቸው ይሰማኛል። ሸሚዙ ትንሽ ሰፋ ይላል። አንገቱ ላይ ያለው ጥልፍ ሰማያዊ ነው።

ሰኔ 14፣ እሑድ

ነገርኩት። ትናንት አልነበረም፤ ዛሬ ነው፣ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ መንገድ ላይ። እማዬ ከጎረቤቶቿ ጋር ወደ ፊት ቀድማን ነበር።

አልጮኸም። ጥላውን ይዞ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ሰው ሰላም ሲለው አይሰማም።

"ሽማግሌዎቹ ተንበርክከው እያለ ታውቂ ነበር?"

"አዎ አባዬ።"

"ተናገሪ ሲሉሽ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

ግቢ ገብቶ ሲሚንቶው ጋ ቆመና ወደ ታች አየ። ከዚያ ገብቶ ከሳጥኑ የታሪክ መምህር እያለ ይለብሰው የነበረውን ጥቁር ኮቱን አወጣ። እማዬ "ወዴት ነው በዚህ ሙቀት?" አለችው።

"ላንቴ" አለ። "ኮሌጁም ሰኞ በጠዋት እንሄዳለን፤ ዩኒየኑም።"

"አባዬ፣ ሥራውስ?" አልኩ። ይቺን እንዴት እንደተናገርኳት እግዜር ይወቅ። እሷ ናት ቀድማ የወጣችው።

"ስለ ሥራ አልጠየቅሁሽም" አለኝ። ወገቡን ይዞ ከአጥሩ ሥር ሳር መንቀል ጀመረ፤ ሲያጎነብስ ጉልበቱ እንዳመመው ፊቱ ላይ አየሁት። ልቀበለው ሮጥኩ። "አባዬ፣ ተወው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የምንበረከከው እኔ ነኝ።"

እጄን ገፋ አደረገው፤ በኃይል አይደለም።

"አይ፤ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ፣ የምንበረከከው እኔ ነኝ" አለ። "አንቺ ትናገሪያለሽ። መናገሩን ትችዪበት የለ?"